አንደበትና ልጓም በጨዋታ ሜዳ

ሊቃውንት ስለ ነፍስ ባሕርይ ሲያስተምሩ ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት ይላሉ። ለባዊት ማለት ልብ የምታደርግ፥ ነባቢት ማለት የምትናገር፥ ሕያዊት ማለት የማትሞት ማለት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ልብ ማድረግ ከመናገር በፊት መቀመጡ በከንቱ አይደለም፤ ሰው አስቀድሞ ሊያስተውል፥ ኋላም ሊናገር የተፈጠረ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ሥርዐት ተገልብጦ አንደበት ልብን ቀድሞ የወጣ እንደ ሆነ ግን፥ ተናጋሪው ቃሉን ሊመልሰው ቢወድ እንኳ አይችልም። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ማለታቸው ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር በቤትም፥ በገበያም፥ በሸንጎም የሚታይ ነው። እኛ ግን አሁን ልንመለከተው የወደድነው በጨዋታ ሜዳ ላይ ስለሚነገረው ክፉ ቃል ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሙያቸው ጨዋታ የሆነ፥ በእርሱም ደመወዝ የሚቀበሉ ስፖርተኞች በውድድር ሰዓት ጸያፍ ቃል ቢናገሩ ወይም ሰውን ቢሰድቡ ሊቀጡ ይገባልን? ቅጣቱ የሚገባ ከሆነስ ልኩ በምን ይታወቃል?

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ፥ «ለካህንና ለምእመን የኳስ ሜዳ ጠብ ምን ይጠቅመዋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ስለ መንፈሳዊ ተጋድሎ ሲያስተምር ምሳሌውን ያመጣው ከሩጫና ከትግል ስፍራ መሆኑን እናስታውስ። የሚታገል ሰው ሰውነቱን በሁሉ ነገር እንደሚገዛ፥ በሕግ ካልታገለም አክሊል እንደማይቀዳጅ አስረድቶአል። ደግሞም ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚቀመጠው ልጅ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ በቴሌቪዥን የሚያየው፥ ስሙንም በልብሱ ጀርባ አጽፎ የሚለብሰው ስፖርተኛውን ነው። ልጅ ከሚወደው ሰው አካሄዱን ብቻ ሳይሆን አነጋገሩንም ይወርሳል። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ግን አንባቢው አስቀድሞ ይወቅልን።

ሕጉ ዝም አላለም

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ የጨዋታ ሕግ ስለ አንደበት ዝም ያላለ መሆኑ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ ሕግ 17 ክፍሎች አሉት። ስለ ጥፋትና ስለ ቅጣት የሚናገረው 12ኛው ክፍል፥ የሚያስከፋ፥ የሚሰድብ ወይም የሚያዋርድ ቃል የተናገረ ተጫዋች በቀይ ካርድ ከሜዳ እንዲወጣ ያዝዛል። በቴኒስ ጨዋታም እንዲሁ፥ በዳኛ ወይም በሌላ ሰው ላይ ክፉ ቃል የሚናገር ተጫዋች አስቀድሞ ይገሠጻል፤ ቢደግም ነጥብ ይቀነስበታል፤ ከዚያም ቢያልፍ ከውድድሩ እስከ መባረር ይደርሳል።

እንግዲህ ስፖርተኛው ወደ ሜዳ ሲገባ ይህን ሕግ ወድዶ ተቀብሎ ነው የሚገባው። ደመወዙን የሚቀበለውም እግሩ ስለሚሮጥ ብቻ አይደለም፤ በሕግ ሥር ሆኖ በሕዝብ ፊት ስለሚቆም ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሕጉ መኖር አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ ብቻ ሊቀር አይገባውም። ሕጉ ለምን እንደ ተሠራ፥ በማን ላይ፥ በምን ያህልና እንዴት ሊፈጸም እንደሚገባ መመርመር ያስፈልጋል።

ቅጣትን የሚቃወሙ ሰዎች ምክንያት

ቅጣትን የማይወዱ ሰዎች ሦስት ምክንያቶችን ያቀርባሉ።

አንደኛው የደም ሙቀት ነው። ሰው ሲሮጥ፥ ሲገፋና ሲወድቅ ውሎ በሥቃይና በቍጣ ጊዜ የሚያመልጠውን ቃል በሚዛን ላይ ማኖር ጭካኔ ነው ይላሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚለው ብሂልም ይመሰክርላቸዋል። ሆኖም የደም ሙቀት ጥፋቱን ያቀልለዋል እንጂ አይደመስሰውም። ያው ተጫዋች በዚያው ሙቀት ውስጥ ሆኖ ኳስን በእጁ ላለመንካት፥ የዳኛውንም ፉጨት ሰምቶ ለመቆም ራሱን ይገዛል። እጁንና እግሩን መግዛት የቻለ ሰው አንደበቴን መግዛት አይቻለኝም ቢል ማን ያምነዋል? ሐዋርያው ያዕቆብ ታላቁ ፈረስ በትንሽ ልጓም፥ ታላቁም መርከብ በትንሽ መሪ እንደሚገዛ እያስታወሰ ስለ አንደበት ያስተማረው ትምህርት ለሰላም ቀን ብቻ የተነገረ አይደለም። ልጓም ይበልጥ የሚያስፈልገው ፈረሱ በጋለበ ጊዜ ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት፥ «ቃል ዱላ አይደለም፤ የሰደበ ሰው አጥንት አልሰበረም» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ የታወቀ ነገር አለ። በ2006 በበርሊን ከተማ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ የፈረንሳዩ አለቃ ዚነዲን ዚዳን የኢጣልያውን ተጫዋች ማርኮ ማተራዚን ደረቱ ላይ በግንባሩ መትቶ ጣለውና በቀይ ካርድ ወጣ። ጨዋታውም ለዚዳን የመጨረሻው ነበር። ማተራዚ በኋላ ራሱ እንዳመነው፥ ከመመታቱ በፊት ስለ ዚዳን እኅት የስድብ ቃል ተናግሮ ነበር። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉዳዩን በመረመረ ጊዜ መቺውን ብቻ ቀጥቶ ተሳዳቢውን አላሰናበተም። ዚዳንን በ3 ጨዋታና በ7,500 የስዊስ ፍራንክ፥ ማተራዚን በ2 ጨዋታና በ5,000 የስዊስ ፍራንክ ቀጣቸው።

በዚህ ፍርድ ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፥ ስድብ ለዱላ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ነው፤ የተሰደበው መምታቱ በደል ሆኖ ተቈጥሮበታልና። ሁለተኛው፥ ዱላው ስድቡን እንደማያጸዳው ነው፤ የተመታውም በቃሉ ተጠይቆአልና። ጌታ በወንጌል የስድብን ቃል ከመግደል ትእዛዝ ጋር አያይዞ ማስተማሩ፥ ቃል ከዱላ ጋር ዘመድ መሆኑን ሊያሳየን ነው። የአገራችን ሰውም «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲል የብረት ጦርን ብቻ ማለቱ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት፥ ዳኛው የሰማውን ቃል በትክክል ሊያውቅ አይችልም የሚል ነው። ይህ ከሦስቱ ሁሉ የበረታው ነው። በ1966 በለንደን በዌምብሊ ሜዳ እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ፥ ጀርመናዊው ዳኛ ሩዶልፍ ክራይትላይን የአርጀንቲናውን አለቃ አንቶኒዮ ራቲንን ከሜዳ አስወጣው። ጥፋቱ የአንደበት ጥፋት ነው ተባለ፤ ዳኛው ግን የተጫዋቹን የእስፓኝ ቋንቋ አያውቅም ነበር። ራቲንም አስተርጓሚ እንዲጠራለት መለመኑን ተናገረ፤ አልወጣም ብሎም ብዙ ደቂቃ በሜዳው ላይ ቆየ። በዚያ ውድድር የዳኞች ኀላፊ የነበረው እንግሊዛዊው ኬን አስተን ከዚህ ጨዋታ ሁከት በኋላ፥ የዳኛ ፍርድ ቋንቋ ለማያውቅ ሁሉ የሚታይበትን መንገድ ሲያስብ የመንገድ መብራትን ቀለም ተመለከተ። ቢጫና ቀይ ካርድ ከዚህ አሳብ ተወልዶ በ1970 በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ላይ በሥራ ዋለ። ካርዱ ግን ዳኛው የፈረደውን ለተጫዋቹ ያስረዳል እንጂ፥ ተጫዋቹ የተናገረውን ለዳኛው አያስረዳም። ስለዚህ ይህ ሦስተኛው ምክንያት ቅጣትን ለማስቀረት ባይበቃም፥ ዳኛን ለማስጠንቀቅ ይበቃል። ወደ እርሱም ኋላ እንመለሳለን።

ቃሉ ማንን መታ?

የሦስቱን ወገኖች ምክንያት ከሰማን ዘንድ፥ የቅጣቱ ልክ በምን ሊታወቅ እንደሚገባ እንመርምር። እኛ እንደሚመስለን ቃልን በጩኸቱ ወይም በጸያፍነቱ ብቻ መመዘን ስሕተት ነው። መጠየቅ የሚገባው፥ ቃሉ ማንን መታ? የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ስንመዝነው የሜዳ ክፉ ቃል በሦስት ደረጃ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ማንንም ሳይነካ በአየር ላይ የተበተነ ቃል ነው። በ2011 የማንቸስተር ዩናይትዱ ዌይን ሩኒ በለንደን በዌስት ሐም ላይ 3 ግብ ካገባ በኋላ በደስታና በቍጣ ተደባልቆ ወደ ቴሌቪዥኑ መሣሪያ ዞሮ ጸያፍ ቃል ተናገረ። የሰደበው ሰው አልነበረም፤ ይቅርታም ጠየቀ። ነገር ግን ቃሉ በየቤቱ ከሕፃናት ጆሮ ገብቶአልና 2 ጨዋታ ተቀጣ። እንዲህ ያለው ቃል ነውር እንጂ በደል አይባልም፤ ቅጣቱም ሊቀልል ይገባዋል።

ሁለተኛው በዳኛ ላይ የሚወረወር ቃል ነው። ዳኛው በሜዳው ላይ ብቻውን የቆመ ነው። 22 ተጫዋቾችና ብዙ ሺህ ተመልካቾች ይከብቡታል፤ ሊመልስ ግን አይፈቀድለትም። እርሱን መስደብ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ሥርዐቱንም መናድ ነው። ዳኛ የማይከበርበት ጨዋታ ወዲያው ጠብ ይሆናልና። ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጨዋነት ቀርቦ «ፍርዱን አስረዳኝ» ያለው የቡድን አለቃ ተሳዳቢ አይደለም። በማዕርግ ላይ ያለ ሰው አቤቱታን ሁሉ ስድብ ብሎ የጠራ እንደ ሆነ ቅጣት የፍትሕ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የዝምታ መሣሪያ ይሆናል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፥ ሰው ሊለውጠው የማይችለውን ነገር፥ ማለት መልኩን፥ ዘሩንና ትውልዱን አንሥቶ የሚሰድብ ቃል ነው። በ2021 በግላስጎ ከተማ የስላቪያ ፕራግ ተከላካይ ኦንድሬይ ኩዴላ አፉን በእጁ ከልሎ ወደ ጥቁሩ የሬንጀርስ ተጫዋች ወደ ግሌን ካማራ ጆሮ ቀርቦ ተናገረ። ካማራም በዘሬ ሰደበኝ ብሎ ከሰሰ። ኩዴላ መሳደቡን እንጂ በዘር መሳደቡን አላመነም። የኤውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር መርምሮ ኩዴላን 10 ጨዋታ ቀጣው፤ ካማራም ከጨዋታው በኋላ ስለ መታው 3 ጨዋታ ተቀጣ። ይህ ስድብ በሹክሹክታ የተነገረ ነው፤ ከተከሳሹና ከከሳሹ በቀር የሰማው ጥቂት ነው፤ ቅጣቱ ግን ወደ መሣሪያ ከጮኸው ከሩኒ ቅጣት 5 እጥፍ ሆነ። የቃል ክብደት በጩኸቱ አይለካም ማለታችን ይህ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። ኢትዮጵያዊው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 ጀምረው እስከ ዐረፉበት እስከ 1987 ድረስ የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሩ፥ በዘር ልዩነት ላይ የቆመው የደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ከዓለም ስፖርት እንዲገለል ከታገሉት ዋነኞች አንዱ ነበሩ። ነገር ግን በባዕድ አገር ጥቁር ሲሰደብ ብቻ መቈጣት አይበቃም። በገዛ አገራችን ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በእጃቸው ሥራ ምክንያት መስደብ ልማድ ሆኖ ኖሮአል። ዐፄ ምኒልክ ይህን ስድብ በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት፥ ቃሉ ሰውን ከሥራው፥ አገርንም ከጥበብ የሚያራቍት ሆኖ ስላገኙት ነው። ስለዚህ የሰውን ትውልድ የሚያዋርድ ቃል በሕግ እንዲቀጣ ማድረግ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ፈሊጥ ነው ሊባል አይቻልም።

የፈጣሪን ስም ስለሚሰድብ ስፖርተኛ

በዚህ ቦታ ለአንባብያን ልብ የሚቀርብ ሌላ ነገር አለ። የኢጣልያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2010 ጀምሮ በሜዳ ላይ የእግዚአብሔርን ስም የሚሰድብ ተጫዋች እንዲቀጣ አድርጎአል። በ2020 መጨረሻ የሮማው ብሪያን ክሪስታንቴ ከቦሎኛ ጋር ሲጫወቱ ኳስን በራሱ ቡድን ግብ ላይ ባስገባ ጊዜ የስድብ ቃል ተናግሮ 1 ጨዋታ ተቀጣ። ስመ ጥሩው በረኛ ጃንሉዊጂ ቡፎንም በዚያው ወር በተናገረው እንዲህ ያለ ቃል በ2021 5,000 ኤውሮ ከፈለ። ጊዜው በወረርሽኙ ምክንያት ሜዳዎች ከተመልካች ባዶ የነበሩበት ነውና፥ ቀድሞ በሕዝብ ጩኸት ይሸፈን የነበረው ቃል ሁሉ በግልጥ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ከምእመናን ወገን ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የእግዚአብሔርን ስም የሰደበ 1 ጨዋታ፥ የሰውን ቆዳ የሰደበ 10 ጨዋታ የሚቀጣ ከሆነ፥ ይህ ፍርድ ፈጣሪን ከፍጡር ማሳነስ አይደለምን?

መልሱ እንዲህ ነው። የሜዳ ዳኛ የንስሓ አባት አይደለም። የዳኛው ሹመት በሜዳው ላይ ባሉ ሰዎች መካከል ሰላምን መጠበቅ ነው፤ ሥልጣኑም ከዚያ አያልፍም። እግዚአብሔር በሰው ስድብ ክብሩ አይጐድልበትም። የሚጐዳው ተሳዳቢው ነው፤ የእርሱም መድኀኒት ንስሓ ነው እንጂ 5,000 ኤውሮ አይደለም። ፌዴሬሽኑ የሚቀጣው ቃሉ የሰሚዎችን እምነት ስለሚያቈስልና የሜዳውን ጨዋነት ስለሚያፈርስ ነው፤ ለዚህም 1 ጨዋታ በቂ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። የተሰደበው ሰው ግን በዚያው ሜዳ ላይ በሥጋ ቆሞአል፤ ይቈስላል፤ ከልጆቹም ፊት ስድቡን ይዞ ይገባል። የሜዳው ዳኛ ሊጠብቀው የሚችለውና የሚገባው እርሱን ነው።

ከዚህም በላይ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ መሆኑን አንርሳ። ሥዕሉን የነቀፈ ሰው ሠዓሊውን አልነካሁም ቢል ማንም አይቀበለውም። የወንድሙን መልክና ትውልድ የሰደበም እንዲሁ ነቀፋው ወደ ፈጠረው ያርጋል። ስለዚህ ዘርን መስደብ ፈጣሪን ከመስደብ የራቀ ኀጢአት አይደለም፤ በላዩ ላይ የሰው ቍስል የተጨመረበት ነው እንጂ። ይህን ያስተዋለ ምእመን የ10 ጨዋታውን ቅጣት ሲሰማ የእግዚአብሔር ስም ተናቀ ብሎ አያዝንም።

ቅጣቱ እንዴት ያለ ይሁን?

ቅጣት ይገባል ካልን ዘንድ፥ ቅጣቱ ራሱ በደል እንዳይሆን ሊጠበቁ የሚገባቸውን አራት ነገሮች እናመለክታለን።

አንደኛ፥ ሕጉ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። በ1990 አሜሪካዊው የቴኒስ ተጫዋች ጆን ማከንሮ በአውስትራልያ ውድድር ላይ በዳኞች ላይ ክፉ ቃል ተናግሮ ከውድድሩ ተባረረ። ቀድሞ ለመባረር 4 ደረጃ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ግን ወደ 3 ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ እርሱም ለውጡን እንዳላሰበው ተናገረ። ፍርዱ በሕግ የተፈጸመ ነው፤ ነገር ግን ሕግን የሚያወጣ ክፍል ሕጉን በሚገባ የማስተማር ግዴታ እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛ፥ ዳኛው ሳይሰማ አይፍረድ። ከላይ ያነሣነው የራቲን ነገር ሊደገም አይገባውም። በ2011 የሊቨርፑሉ ልዊስ ስዋሬዝ የማንቸስተር ዩናይትዱን ፓትሪስ ኤቭራን በቆዳው ቀለም ሰደበ ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፥ ቃሉ በአገሬ በኡሩጓይ ስድብ አይደለም ብሎ ተከራከረ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ያቆመው ጉባኤ ግን ለይሰሙላ አልፈረደም፤ የእስፓኝን ቋንቋ ሊቃውንት ጠይቆ፥ የሁለቱን ሰዎች ቃል አስተያይቶ፥ 8 ጨዋታና 40,000 ፓውንድ ከፈረደ በኋላ ምክንያቱን በ115 ገጽ ጽፎ ለሕዝብ አወጣ። በፍርዱ የማይስማማ ሰው ቢኖር እንኳ ምክንያቱን አንብቦ ሊከራከር ይችላል።

ደግሞም የመንግሥት ፍርድ ቤት ሚዛንና የጨዋታ ማኅበር ሚዛን አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ያሻል። የቼልሲው አለቃ ጆን ቴሪ አንድ ተጫዋች በዘሩ ሰደበ ተብሎ ተከስሶ በ2012 በፍርድ ቤት ነጻ ወጣ፤ የወንጀል ዳኛ ከጥርጣሬ ሁሉ የራቀ ማስረጃ ይፈልጋልና። የእግር ኳሱ ማኅበር ግን ወደ እውነት ባመዘነው ማስረጃ ፈርዶ 4 ጨዋታና 220,000 ፓውንድ ቀጣው። ወኅኒ የሚያስገባ ፍርድና ከጨዋታ የሚያስቀር ፍርድ ሚዛናቸው መለያየቱ ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፥ ሚዛኑ ለሁሉ የተካከለ ይሁን፤ ጊዜንና ቦታንም ይለይ። በ2018 በአሜሪካ የቴኒስ ውድድር ፍጻሜ ሴሬና ዊልያምስ ዳኛውን ሌባ ብላ በመናገርዋ አንድ ጌም ተቀነሰባት፤ ኋላም በሦስት ጥፋቶች 17,000 ዶላር ተቀጣች፤ ከዚህም 10,000ው ስለ ቃልዋ ነበር። እርስዋም ወንዶች ከዚህ የከፋ ሲናገሩ ይታለፋሉ ብላ አቤት አለች፤ ነገሩም ብዙ ሰዎችን አከራከረ። እውነቱ በማንም ወገን ቢሆን፥ ሕግ አንዱን አጥብቆ ይዞ ሌላውን ከለቀቀ የተቀጣው ሰው ስለ ጥፋቱ መጸጸቱን ትቶ ስለ አድልዎው ብቻ ያስባል። ጊዜንና ቦታን ስለ መለየትም፥ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በ2025 ያደረገው ማሻሻያ ይጠቀሳል። ነጂው በእሽቅድድም ውስጥ ሳለ ያመለጠውን ቃልና ከጋዜጠኞች ፊት ተቀምጦ አስቦ የተናገረውን ቃል ለይቶ እንዲመዘን አደረገ፤ የተለመደውንም ቅጣት ከ10,000 ወደ 5,000 ኤውሮ አወረደ። የደም ሙቀት ጥፋቱን ያቀልላል ብለን ከላይ የተናገርነው በዚህ ሥራ ላይ ይታያል።

አራተኛ፥ ቅጣቱ የሚያድን ይሁን። በእኛ ዘንድ የንስሓ አባት ቀኖና ሲሰጥ የበደለኛውን ዕድሜ፥ ዕውቀትና ዐቅም ይመለከታል፤ የሚሻውም ሰውየው እንዲድን ነው እንጂ እንዲዋረድ አይደለም። የገንዘብ ቅጣት ብቻውን ለባለጸጋ ስፖርተኛ ምንም ላይሆን ይችላል። ከፍሎ ይሄዳል፤ ልቡ ግን አይነካም። ዚዳን ከጨዋታ ተሰናብቶ ስለ ነበር በ3ቱ ጨዋታ ፈንታ 3 ቀን ለሕፃናት አገልግሎት መስጠቱ፥ ነጂው ማክስ ፈርስታፐንም በ2024 በሲንጋፖር ከጋዜጠኞች ፊት ስለ ተናገረው ጸያፍ ቃል በሩዋንዳ ወጣቶች በሚሠለጥኑበት የመኪና ስፖርት ሥራ ላይ እንዲካፈል መደረጉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ክፉ ቃል ሕፃናትን የሚጐዳ ከሆነ፥ ካሣውም በሕፃናት ፊት ቢሆን ይገባዋል። በእንግሊዝ አገር ከ2019 ጀምሮ በዝቅተኞቹ የእግር ኳስ ደረጃዎች ከዳኛ ጋር በቃል የሚጣላ ተጫዋች 10 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ እንዲቀመጥ መደረጉም ጥበብ ያለበት ነው። በቍጣ የጋለ ሰው ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ጥቂት ዝምታ ይጠቅመዋልና።

ስለ ራሳችን

የስፖርተኛው ነገር በዚህ ቢፈጸምም የእኛ ነገር አልተፈጸመም። ተጫዋቹን ስለ አንድ ቃል እንዲቀጣ የሚጮኸው ተመልካች፥ ራሱ 90 ደቂቃ ሙሉ ዳኛውንና የተቃራኒውን ቡድን ሲሰድብ የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ተጫዋቹ ስሙና ቍጥሩ በጀርባው ተጽፎአልና ይያዛል፤ በሕዝብ መካከል የተሸሸገው ተሳዳቢ ግን ያመልጣል። ከሰው ዳኛ ቢያመልጥም ልቡን ከሚመረምረው ዳኛ አያመልጥም። አባትም ከልጁ ጋር ጨዋታ ሲያይ ዳኛውን እየሰደበ፥ ነገ ልጁ በትምህርት ቤት መምህሩን ቢሰድብ ከየት ተማረው ብሎ ሊደነቅ አይገባውም።

ስለዚህ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶችን የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፥ ወጣቶቹ ኳስ ሲጫወቱ አትከልክሉአቸው፤ ነገር ግን ከጨዋታው በፊት ሕጋቸውን ራሳቸው እንዲያወጡ አድርጉ። ባልንጀራውን በመልኩ፥ በዘሩ ወይም በወላጆቹ የሰደበ ልጅ የቱንም ያህል ጐበዝ ተጫዋች ቢሆን ይውጣ፤ ጥቂት ይቀመጥ፤ የሰደበውንም ልጅ በስሙ ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቀው፤ ከዚያም ተመልሶ ይጫወት። ቡድኑ በዚያ ቀን ቢሸነፍ ይሸነፍ። በቅጣት ጊዜ ጐበዙን ከደካማው ያልለየ ሜዳ፥ ነገ በሸንጎ ሀብታሙን ከድኻው የማይለይ ዳኛ ያወጣል።

የስፖርተኛ ጕልበት በጥቂት ዓመታት ያልፋል፤ ያገባው ግብም በሌላ ሰው ይበለጣል። በወንድሙ ላይ የተናገረው ቃል ግን በተናጋሪው ዘንድ ቢረሳም በሰሚው ዘንድ ይኖራል። አንደበታችንን በጋለብንበት ጊዜ ሁሉ ልጓሙን እንድንይዝ አምላካችን ማስተዋሉን ይስጠን።